መሸጋገሪያው ድንጋጌና የካታሎኒያ የ2017 ድንገተኛ ምርጫ



ምርጫ የፖለቲካ ክርክርን ይፈታል ስንል የሚፈታው የመራጩ ድምፅ ነው ወይስ ድምፁን ወደ መቀመጫ የሚለውጠው ስሌት? ይህን ጥያቄ በስፔን የካታሎኒያ ራስ ገዝ ክልል በተካሄደ አንድ ምርጫ ልመርምረው። የምጠቅሳቸው ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦክቶበር 1 ቀን 2017 የካታሎኒያ መንግሥት የስፔን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ያገደውን የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ አካሄደ። ኦክቶበር 27 የክልሉ ፓርላማ የነጻነት መግለጫ አጸደቀ። በዚያው ዕለት የስፔን ሴኔት ከ1978 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎ የማያውቀውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 155 ፈቀደ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ማሪያኖ ራኾይም የክልሉን መንግሥት አንስተው፣ የሥራ ዘመኑ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ገደማ የቀረውን ፓርላማ በትነው፣ ለዲሴምበር 21 ምርጫ ጠሩ። የተሻሩት ፕሬዚዳንት ካርሌስ ፑጅደሞን ከቤልጅየም፣ ምክትላቸው ኦሪዮል ጁንኬራስ ከእስር ቤት ሆነው ተወዳደሩ።

ሥርዓቱ ተመጣጣኝ ውክልና ይባላል። በየአውራጃው ቢያንስ 3 በመቶ ድምፅ ያገኙ ፓርቲዎች ድምፃቸው በተራ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እየተካፈለ፣ ትልልቆቹ ድርሻዎች መቀመጫ ያስገኛሉ። ይህ በቤልጅየማዊው ምሁር ቪክቶር ዶንት ስም የሚጠራው ስልት ነው። ዋናው ነገር ግን ከማካፈሉ በፊት ያለው ድልድል ነው። የ1979ኙ የራስ ገዝ ሕግ በአንድ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ለባርሴሎና ለ50,000 ነዋሪ አንድ መቀመጫ ሰጥቶ ጣሪያውን በ85 ወሰነ፤ ለሌሎቹ አውራጃዎች ግን ለእያንዳንዳቸው ስድስት መነሻ መቀመጫና በዚያ ላይ ለ40,000 ነዋሪ አንድ ሰጠ። በዚህም ታራጎና 18፣ ጂሮና 17፣ ዬይዳ 15 አገኙ። ከክልሉ ሕዝብ ሦስት አራተኛ ገደማ የሚኖርባት ባርሴሎና ከ135ቱ መቀመጫዎች የያዘችው 63 በመቶውን ብቻ ነው። አንድ የባርሴሎና መቀመጫ ከአንድ የዬይዳ መቀመጫ ይልቅ ከእጥፍ በላይ ሰው ይወክላል ማለት ነው።

ውጤቱስ? ከመራጩ 79 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሰጠ። አንድነትን የሚደግፈው ሲውታዳንስ በ25.4 በመቶ ድምፅና በ36 መቀመጫ አንደኛ ወጣ። የራኾይ ፓርቲ ያገኘው 4 ብቻ ነበር። ሦስቱ የነጻነት ፓርቲዎች ግን 34፣ 32 እና 4፣ በድምሩ 70 መቀመጫ አገኙ፤ ለአብላጫ የሚያስፈልገው 68 ነው። የድምፅ ድርሻቸው 47.5 በመቶ ነበር።

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ቀሪው ድምፅ ሁሉ የአንድነት ጎራ አልነበረም፤ 8 መቀመጫ ያገኘው የግራ ጥምረት ከሁለቱም ወገን አልተሰለፈም። ድምፁ በመላው ክልል በቀጥታ ቢደለደል ኖሮ የነጻነት ወገን 68 ባልደረሰ፣ የአንድነት ወገንም አብላጫ ባላገኘ ነበር። የሕዝቡ መልስ «ማንም ለብቻው አይወስን» የሚል ነበር፤ ስሌቱ ያንን ወደ ጠባብ አብላጫ ለወጠው። አንዱ ወገን በመቀመጫው፣ ሌላው በድምፁ «አሸነፍን» አለ፤ ክርክሩም ባለበት ቀጠለ።

ታዲያ ለምን አልተሻሻለም? የገጠሩ አውራጃ በዋና ከተማው እንዳይዋጥ መጠበቁ የራሱ ምክንያት እንዳለው አልክድም። ነገር ግን የ2006ቱ የራስ ገዝ ሕግ ለአዲስ የምርጫ ሕግ የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 90 ድምፅ ይጠይቃል። በድልድሉ የሚጠቀሙት ሳይስማሙ ድልድሉ አይነካም። ስለዚህ ለመጀመሪያው የ1980 ምርጫ የተዘጋጀው መሸጋገሪያ አሥራ ሁለተኛውን ምርጫም ገዛ።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የተከተለው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው፤ ጥያቄው ግን ለእኛም ይሠራል። የምርጫ ውጤት ስታጠኑ ማን አሸነፈ ከማለታችሁ በፊት ድልድሉን ማን፣ መቼ፣ ለስንት ጊዜ ብሎ እንደ ሠራው ጠይቁ። የካታሎኒያን አብላጫ ለመረዳት ከ2017 ሳይሆን ከ1979 መጀመር ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።