ደብረ ዘይት፣ ሁለት አፈርና የመኖ ዘር ድብልቅ

ደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት ዓይነት መሬት አለው። አንዱ ሲርስ እግር የሚይዝ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው። ሌላውን «ቀላል አፈር» ይሉታል፤ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ዝናብ ሲያቆምም ቶሎ ይደርቃል። የጤፍ ተመራማሪዎች ዝርያዎቻቸውን በሁለቱም ላይ ይፈትናሉ። የተራቆተ ግጦሽ መልሶ ማልማት ለሚፈልግ ሰውም ጥያቄው ከዚሁ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ኢልካ የተባለው የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ፤ ደብረ ዘይትም ጣቢያ ነበረው። ተመራማሪዎቹ በትኩረት ካጠኗቸው ዕፅዋት አንዱ ማገጥ ነው። አዎ፣ ያ በክረምት ሜዳውን የሚያለብሰው ባለ ሦስት ቅጠሉ! ማገጥ የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው። በሥሩ ላይ ባሉ ትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን ከአየር ይይዙለታል፣ ውሎ አድሮ ሣሩም ይጠቀማል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙዎቹ የደጋ ማገጦች የሚመቻቸው እርጥበት የሚቋጥር ጥቁር አፈር ነው።

ለቀላል አፈር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስታይሎ ነው። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ፣ ድርቅ የሚችል፣ ፎስፈረስ ባነሰው አፈር ላይም የሚበቅል ነው። ታዲያ እሱን ብቻ ለምን አንዘራም?

መልሱ ሰሜን አውስትራሊያ ውስጥ አለ። እዚያ ከብት አርቢዎች ታውንስቪል ስታይሎ የሚባለውን ዓይነት በሰፊው ዘሩ። በ1970ዎቹ አንትራክኖስ የተባለ የፈንገስ በሽታ ገባና ግጦሹን በጥቂት ዓመታት ውስጥ አወደመው። ተክሉ ሁሉ ተመሳሳይ ስለነበር አንዱን ያጠቃው ሌላውንም አልማረም። እኔ በተማርኩት ኢንጂነሪንግ ይህ በአንድ ምሰሶ ብቻ እንደቆመ ድልድይ ነው። ከዚያ በኋላ ሴካና ቬራኖ የሚባሉትን ሁለት የስታይሎ ዓይነቶች ከሣር ጋር አቀላቅሎ መዝራት ተለመደ።

ለሣሩ ድርሻ ሮደስ ጥሩ ነው። ስሙን ያገኘው በ1890ዎቹ ኬፕታውን አጠገብ ካስዘራው ሴሲል ሮድስ ነው፤ ተክሉ ግን አፍሪካዊ ነው፣ እኛም አገር በዱር ይበቅላል። (ስሙ ቢቀየር ደስ ይለኝ ነበር!)

አሁን ሒሳቡ ይመጣል። «ግማሽ በግማሽ» ብላችሁ አንድ ኪሎ ሮደስና አንድ ኪሎ ሲራትሮ ብትቀላቅሉ ግማሽ በግማሽ አይሆንም። ሲራትሮ ሐረግ የሚጥል የመኖ ተክል ነው፤ ኪሎው ከ100,000 ያነሰ ፍሬ ሲይዝ የሮደስ ኪሎ በሚሊዮን ይቆጠራል። ስለዚህ በክብደት ሳይሆን በፍሬ ቁጥርና በብቅለት መጠን አስሉ። የሮደስ ዘር እንደ ላባ ቀላል ስለሆነ ንፋስ እንዳይወስደው ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መበተን ይሻላል። የስታይሎና የሲራትሮ ልባስ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ በአሸዋ ወረቀት ፋቅ ካላደረጋችሁት ብዙው ሳይበቅል ይከርማል።

ይህን ድብልቅ ሳይቀይሩ አሶሳ መውሰድስ? እዚያ ዝናቡ ይበዛል፣ ብዙው ቀይ አፈርም አሲዳማ ነው። ስታይሎ አሲድ ይችላል። የወተት ላም አርቢዎች የሚወዱት አልፋልፋ ግን አይስማማውም፤ እሱን ለመዝራት መጀመሪያ አፈሩን በኖራ ማከም ያስፈልጋል።