የባዝል ከበሮ

በስዊስ፣ በፈረንሳይና በጀርመን ወሰኖች መጋጠሚያ፣ በራይን ወንዝ ግራና ቀኝ የተቈረቈረችው ባዝል በሩቁ የምትታወቀው በመድኃኒትና በኬሚካል ኢንዱስትሪዋ ነው። ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢም ስሟ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በጋፋት መድፍ ከሠሩት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መካከል በአጠገቧ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩና። ይሁን እንጂ ይህችን የነጋዴና የፋብሪካ ከተማ ከሌሎች የሚለያት ከበሮዋ ነው።

ፋስናኽት የሚባለው በዓል የሚከበረው የምዕራባውያን ጾም ከሚገባበት ረቡዕ ቀጥሎ ከሚውለው ሰኞ ጀምሮ ነው። ሌላው አገር ፈንጠዝያውን ፈጽሞ ጾም ሲይዝ ባዝል መጀመሯ እንግዳውን ማስገረሙ አይቀርም፤ እሑዶች ከጾሙ ቀናት ሳይቀነሱ ይቈጠሩ ከነበረበት ከጥንቱ ሥርዐት የተረፈ ነው ይባላል። ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የመሐል ከተማው መብራት በአንድ ጊዜ ይጠፋል። በሌላው ጊዜ መብራት እንዳይቋረጥ የሚተጋው የከተማው የኤሌክትሪክ አገልግሎት በዚህች ሌሊት ሥራው ማጨለም ነው። ወዲያው ትእዛዝ ይሰጥና በየጐዳናው የተሰለፉት ማኅበራት ሁሉ አንዱን ማርሽ በከበሮና በፒኮሎ ዋሽንት ይጀምራሉ። በጨለማው ውስጥ የሚታየው በተጫዋቾቹ ራስ ላይ የበራው ትንንሽ ፋኖስና ሥዕል የተሣለባቸው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ትላልቅ ፋኖሶች ብቻ ነው። ይህ ሥነ ሥርዐት ሞርገሽትራይኽ ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1356 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከከተማይቱ ጋር መዛግብቷንም ስላጠፋ፣ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ስለ በዓሉ የሚናገረው ጥንታዊ ሰነድ የ1376ቱ ነው። እርሱም የሚተርከው በመሳፍንት ወገንና በከተማው ሕዝብ መካከል የተነሣውን ደም ያፋሰሰ ጠብ ነው። በ1529 ከተማይቱ የፕሮቴስታንት ሃይማኖትን ከተቀበለች በኋላም ባለሥልጣኖች በዓሉን ደጋግመው ለመከልከል ሞከሩ፤ አልተሳካላቸውም። ዛሬ እንደ ጥንታዊ ጌጥ የሚታዩት ፋኖሶች እንኳ የአንድ ክልከላ ውጤት ናቸው፤ በ1845 ችቦ ማብራት በእሳት አደጋ ምክንያት በመከልከሉ የመጡ ናቸውና።

ከበሮው ራሱ የወታደር ዕቃ ነበር። የባሩድ ጢስና የተኩስ ድምፅ ባየለበት ሜዳ የአዛዡ ቃል ስለማይሰማ፣ ንቃ፣ ተሰለፍ፣ ወደፊት፣ አፈግፍግ የሚለውን የሚናገረው ከበሮ ነበር። ስዊሳውያን ለብዙ መቶ ዓመታት በተለይ ለፈረንሳይ ነገሥታት በቅጥር ወታደርነት ያገለገሉ ስለሆነ የባዝል ከበሮ ምቶች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ የፈረንሳይኛ ስም አላቸው፤ ለምሳሌ ኩ ደ ሻርዥ የማጥቃት ምት ማለት ነው። የአሠራሩም ብልሃት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሁለቱ ቆዳዎች የሚወጠሩት በጎኑ ላይ በተጠላለፈ ገመድ ሲሆን፣ በታችኛው ቆዳ ላይ የተዘረጉት ጅማቶች እየተርገበገቡ ድምፁን ደረቅና ጥርት ያለ ያደርጉታል። በሁለት ተራ ቤቶች መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ሃያ ያህል ከበሮ በአንድነት ሲመታ ድምፁ ከጆሮ ይልቅ በደረት ይሰማል።

ጦሩ ለትእዛዝ ሌላ መሣሪያ ሲያገኝ ይህ ሁሉ ከወታደሩ ጋር መቅረት በተገባው ነበር። ያልቀረው ክሊክ የሚባሉት የከተማው ማኅበራት ከበሮውን እንደ ትምህርት ስለያዙት ነው። ልጆች በየማኅበሩ ትምህርት ቤት ለዓመታት ይሠለጥናሉ፤ መጀመሪያ የሚመቱትም ቆዳ ሳይሆን የመለማመጃ ሰሌዳ ነው። ትምህርቱ ቀድሞ በአብዛኛው ከመምህር አፍና እጅ የሚቀዳ ሲሆን፣ በ1928 ፍሪትዝ በርገር የተባለው የከበሮ ሊቅ ባሳተመው መጽሐፍ ምቶቹን በአንድ መስመር ላይ ጻፋቸው፤ ከመስመሩ በላይ ያለው የቀኝ እጅ፣ በታች ያለው የግራ እጅ ነው። ሐሳቡ እጅግ ቀላልና ግልጽ ነው፤ በመሐንዲስ ሥዕል ላይ አንድ ምልክት ሁለት ትርጉም እንዳይኖረው እንደሚደረገው ማለት ነው። ያም ሆኖ ጽሑፉ ያልያዘው ነገር አለ። የባዝል ከበሮ መቺ ምቱን ከተጻፈው ልክ በመጠኑ ሳብ፣ በመጠኑም ገፋ ያደርገዋል፤ ይህም የሚገኘው ከሽማግሌ አጠገብ ቆሞ ከመምታት ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ መምህሩን አልተካውም፤ ሞያው ከአንድ ሰው ጋር እንዳይቀበር ግን ረድቷል።

ማኅበራቱ ለሁሉም ክፍት አልነበሩም። በነባሮቹ ክሊኮች ሴቶች ከበሮ ሳይነኩ ብዙ ዘመን አልፏል፤ የተደባለቁ ማኅበራት የበዙት ዘግይቶ ነው። ለእንግዳም ደንብ አለ፤ ፊቱን ቀለም ቀብቶ ወይም ጭንብል አጥልቆ መምጣት ነውር ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው ለማኅበራቱ መደገፊያ ከ1911 ጀምሮ የሚሸጠውን ባጅ ገዝቶ ደረቱ ላይ መለጠፍና ለሰልፈኞች መንገድ መልቀቅ ነው። ዩኔስኮ በዓሉን በ2017 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበው። በ2020 ግን የስዊስ መንግሥት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትልልቅ ስብሰባዎችን ሲያግድ በዓሉ ሊጀመር ሦስት ቀን ቀርቶት ተሰረዘ፤ በ2021ም አልተከበረም። ከበሮው በየጐዳናው እንደገና የተሰማው በመጋቢት 2022 ነበር።

በዓሉ የሚቈየው ልክ 72 ሰዓት ነው። ሐሙስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን ማኅበራቱ ባሉበት ቆመው የመጨረሻውን ማርሽ ይመታሉ፤ ከዚያም የከተማው ጽዳት ሠራተኞች ተሽከርካሪዎቻቸውን እየነዱ በወረቀት ብጥስጣሽ ወደ ተሸፈነው ጐዳና ይገባሉ።