የሚመለሰውና የማይመለሰው ዕይታ፤ የተለመዱ የዓይን ሕመሞችና ሕክምናቸው

በ1998 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት፣ የዕይታ መድከምና የትራኮማ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1 ነጥብ 6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3 ነጥብ 7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አመልክቷል፡፡ በጥናቱ ውስጥ ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻ ሌላ አሃዝ አለ፡፡ ከተመዘገበው ዓይነ ስውርነት 87 ነጥብ 4 በመቶው አስቀድሞ ሊከላከሉት ወይም በሕክምና ሊያስወግዱት የሚቻል ነበር፡፡

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት ዓይነ ስውር የሚባለው ሙሉ በሙሉ ጨለማ ውስጥ የሚገኝ ሰው ብቻ አይደለም፡፡ በተሻለው ዓይኑ እንኳ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ የተዘረጉ ጣቶችን መቁጠር ያልቻለ ሰው በዚሁ ይመደባል፡፡ በጥናቱ ከተገኘው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 49 ነጥብ 9 በመቶው የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ 11 ነጥብ 5 በመቶው ትራኮማ በብሌን ላይ ያስከተለው ጠባሳ፣ 5 ነጥብ 2 በመቶው ግላኮማ ያስከተሉት ነው፡፡ 7 ነጥብ 8 በመቶ የሚሆነው ደግሞ በመነጽር ሊስተካከል በሚችል የዕይታ ጉድለት የመጣ ነው፡፡ መነጽር በማጣት ብቻ ዓይነ ስውር ተብሎ የተቆጠረ ሰው መኖሩ ማንንም ሊያሳስብ ይገባል፡፡

ወደ ዓይን ክሊኒክ የሚመጣ ታካሚ በቅድሚያ የዕይታ መጠኑ ይለካል፡፡ ስድስት ሜትር ርቀት ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ፊደል የማያውቁ ሰዎችም አቅጣጫውን በእጃቸው የሚያሳዩበት ምልክት ስላለ፣ ማንበብ አለመቻል ከምርመራው አያግድም፡፡ ቀጥሎም ዓይኑ በአጉሊ መሣሪያ ይታያል፣ የዓይን ግፊት ይለካል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ጠብታ ተጨምሮ የዓይኑ የኋላ ክፍል ይመረመራል፡፡ ይህ ጠብታ ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን እንዳይቋቋሙና በቅርብ ያለ ነገር እንዲደበዝዝ ስለሚያደርግ፣ በዚያ ቀን ተሽከርካሪ ማሽከርከር አይመከርም፡፡ የምርመራው ዋነኛ ዓላማ አንድ ነገር መለየት ነው፤ የተቀነሰው ዕይታ የሚመለስ ነው ወይስ ያለውን ከማቆየት በስተቀር ሌላ ማድረግ የማይቻልበት?

የዓይን ሞራ ግርዶሽ ከሚመለሱት ወገን ነው፡፡ በዓይን ውስጥ የሚገኘው ብርሃን አሳላፊ ሌንስ ቀስ በቀስ ሲደፈርስ የሚከሰት ሲሆን፣ ዋነኛ ምክንያቱ የዕድሜ መግፋት ነው፡፡ የስኳር ሕመም፣ በዓይን ላይ የሚደርስ አደጋና ስቴሮይድ የተባሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መጠቀምም ያስከትሉታል፡፡ ሕመሙን የሚያጠፋ ጠብታም ሆነ እንክብል የለም፡፡ ሕክምናው የደፈረሰውን ሌንስ በቀዶ ሕክምና አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ መትከል ነው፡፡ እንዲህ ያለው ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ በሃሮልድ ሪድሊ ነው፡፡ በአገራችን በስፋት የሚሠራበት ዘዴ በትንሽ ቅድ ያለ ስፌት የሚከናወን ሲሆን፣ ታካሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚደነዝዘው በዓይኑ አካባቢ ብቻ ነው፡፡ ቀድሞ "ሞራው እስኪበስል ይጠበቅ" ይባል ነበር፤ ዛሬ ግን የታካሚው የዕለት ተዕለት ሥራ በዕይታው ምክንያት ከተሰናከለ ቀዶ ሕክምናውን ማድረግ ይቻላል፡፡ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመም፣ መቅላት ወይም የዕይታ መቀነስ ከታየ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ ወደ ክሊኒኩ መመለስ ያስፈልጋል፡፡

አዋቂው ለሞራ ጥቂት ወራት ቢዘገይ ዕይታው በአብዛኛው ይመለስለታል፡፡ ሕጻን ግን ከዚህ የተለየ ነው፡፡ ከሞራ ጋር የተወለደ ሕጻን በጊዜው ካልታከመ አንጎሉ ማየትን ሳይለምድ ይቀርና ሞራው ቢወጣም ዕይታው ሙሉ አይሆንም፡፡ በሕጻን ዓይን መሃል ነጭ ነጸብራቅ ከታየ ሕይወትን የሚያሰጋ የዓይን ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፡፡

ትራኮማ፣ በልማድ የዓይን ማዝ የሚባለው፣ ክላሚዲያ ትራኮማቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው፡፡ ተሕዋሲው ከሕጻናት የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ አማካይነት ይተላለፋል፡፡ አንድ ጊዜ መያዝ ዓይን አያጠፋም፡፡ በልጅነት ዘመን ደጋግሞ ሲይዝ ግን የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ይጠባሰሳል፤ ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ የቆቡ ፀጉርም ተቀልብሶ ዓይን በተከደነና በተገለጠ ቁጥር ብሌኑን ይፍቃል፡፡ ሕጻናትን የሚንከባከቡት በአብዛኛው ሴቶች በመሆናቸው፣ በዚህ ሕመም ዓይናቸውን የሚያጡት ሴቶች ቁጥር ከወንዶቹ እስከ አራት እጥፍ እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅት ያመለክታል፡፡ ብዙ እናቶች የተቀለበሰውን ፀጉር በወረንጦ እያስነቀሉ ለዓመታት ይኖራሉ፡፡ ፀጉሩ ተመልሶ ሲበቅል አጭርና ሻካራ ስለሚሆን ሥቃዩ ይታደሳል፡፡

የ1998ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆኑ ሕጻናት 40 ነጥብ 1 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር፤ በአማራ ክልል አሃዙ 62 ነጥብ 6 በመቶ ደርሶ ነበር፡፡ ይህን ለመግታት አገሪቱ የምትከተለው "ሴፍ" የተባለውን የዓለም ጤና ድርጅት ስልት ሲሆን፣ እሱም የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናን፣ የጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት እደላን፣ የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ ንጽሕናን በአንድነት ያካተተ ነው፡፡ ቀዶ ሕክምናው በአካባቢ ማደንዘዣ የሚከናወንና ሥልጠና በወሰዱ የጤና ባለሙያዎች በጤና ጣቢያም የሚሰጥ ነው፡፡ ሁለቱን የቀዶ ሕክምና ዓይነቶች ያነጻጸረና በአማራ ክልል የተካሄደ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ በአንደኛው ዘዴ ከታከሙት 22 በመቶ፣ በሌላኛው ከታከሙት ደግሞ 13 በመቶ የሚሆኑት በዓመቱ ፀጉሩ እንደገና ተቀልብሶባቸዋል፡፡ ስለዚህ ታካሚዋ ተሰፍታ ከተሸኘች በኋላም ክትትል ያስፈልጋታል፡፡ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በወረዳ ደረጃ ለመላው ነዋሪ በዓመት አንድ ጊዜ የሚታደል ሲሆን፣ የሕጻናቱ መጠን በቁመታቸው ይወሰናል፡፡ ከስድስት ወር በታች የሆኑት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣቸዋል፡፡

ከአራቱ ተግባራት በሪፖርት ላይ በቀላሉ የሚሰፍረው የመድኃኒት እደላው ነው፤ የወሰዱት ሰዎች ይቆጠራሉና፡፡ የታጠበ ፊት ግን ለመቁጠር ያስቸግራል፣ ውኃ የሚቀርበውና መጸዳጃ የሚሠራውም በሌላ መሥሪያ ቤት በጀት ነው፡፡ ይሁን እንጂ ውኃ በሌለበት ቀበሌ መድኃኒት ብቻ ሲታደል፣ በሽታው ቀንሶ እንደገና ሊያገረሽ ይችላል፡፡ ትራኮማ በአንድ አገር የኅብረተሰብ ጤና ችግር መሆኑ አበቃ ለማለት በየወረዳው ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ባሉ ሕጻናት የሚታየው ንቁ ሕመም ከ5 በመቶ፣ በጤና ተቋማት ያልታወቀ የፀጉር መቀልበስ ያለባቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ደግሞ ከ0 ነጥብ 2 በመቶ በታች መሆን አለባቸው፡፡ ጋና እ.ኤ.አ. በ2018፣ ማላዊ በ2022 ይህን ደረጃ አግኝተዋል፡፡ ለዓለም የተያዘው የ2020 የጊዜ ገደብ አልፎ ወደ 2030 ተሸጋግሯል፡፡

ግላኮማ ከሁለቱም የሚለየው በዝምታው ነው፡፡ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ሕመም፣ መቅላትም ሆነ ማሳከክ የለውም፡፡ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ባለ የዓይን ግፊት ሳቢያ የዕይታ ነርቭ ቀስ በቀስ ይሞታል፣ ዕይታውም ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል፡፡ ታማሚው በመሃሉ ዕይታ ማንበቡን ስለሚቀጥል አንድ ዓይኑ ሊጠፋ እስኪቃረብ ድረስ ላይነቃ ይችላል፡፡ የሞተ ነርቭ አይመለስም፡፡ በመሆኑም ጠብታው፣ ሌዘሩም ሆነ ቀዶ ሕክምናው የሚያድነው የቀረውን ነው፡፡ በተግባር የሚታየው ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ታካሚው ጠብታውን ለወራት ተጠቅሞ ዕይታው ስላልተሻሻለ "አልሠራልኝም" ብሎ ይተወዋል፡፡ ዕይታው ባለበት መቆየቱ ራሱ የሕክምናው ውጤት መሆኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባል፡፡ ቲሞሎል የተባለው በስፋት የሚታዘዝ ጠብታ አስም ያለበትን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሕመሙን ለሐኪሙ ማሳወቅ ያስፈልጋል፡፡ ዕድሜያቸው 40 ዓመት የሞላቸው፣ በተለይም ወላጅ ወይም ወንድምና እህት በግላኮማ የታመመባቸው ሰዎች ምንም ሳይሰማቸው ቢመረመሩ ይመከራል፡፡

ከግላኮማ ጋር ተያይዞ ሊነሳ የሚገባው በራስ ውሳኔ የሚገዛ ጠብታ ነው፡፡ ሕጻናትና ወጣቶች በአለርጂ ምክንያት ዓይናቸው ሲያሳክካቸው ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ በአንድ ቀን እፎይታ ይሰጣል፡፡ ወላጅም ባዶውን ብልቃጥ ይዞ በየጊዜው ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፡፡ ይኸው ጠብታ ለወራት ከተወሰደ ግን የዓይን ግፊትን ከፍ በማድረግ ግላኮማን፣ እንዲሁም ሞራን በልጅነት ሊያመጣ ይችላል፡፡

በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ በብዛት የሚያጋጥመው በ40ዎቹ ዕድሜ የሚጀምረው የቅርብ ዕይታ መድከም ነው፡፡ ደብዳቤውን ከዓይኑ አርቆ የሚያነብ ሠራተኛ የማንበቢያ መነጽር ከማስፈለጉ በቀር ሕመም የለበትም፤ መነጽር ማድረግ ዓይንን ያሰንፋል የሚለው አባባልም እውነት አይደለም፡፡ ኮምፒዩተር ላይ ለረጅም ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች ዓይናቸውን ከወትሮው ባነሰ ቁጥር ስለሚያርገበግቡ ይደርቅባቸዋል፣ ይቆጠቁጣቸዋል፡፡ በየመሃሉ ራቅ ያለ ነገር መመልከት ይጠቅማል፡፡ የስኳር ሕሙማን ግን ከመነጽር ያለፈ ጉዳይ አለባቸው፡፡ ስኳሩ በሬቲና ላይ ያሉትን ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚጎዳው ዕይታ ከመቀነሱ በፊት ስለሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የዓይናቸው የኋላ ክፍል መታየት ይኖርበታል፡፡

ብሌኑ በጠባሳ ለጠፋበት ሰው የቀረው ተስፋ ንቅለ ተከላ ነው፡፡ ለዚሁ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቁሟል፡፡ የሚተከለው ሙሉ ዓይን ሳይሆን ብሌኑ ብቻ ሲሆን፣ ለጋሹ በሕይወት ዘመኑ መነጽር ማድረጉ አያግደውም፡፡ ብሌኑ የሚወሰደው ሰው ካረፈ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመሆኑ ቤተሰብ የሟቹን ፈቃድ ቀድሞ ማወቁ ወሳኝ ነው፡፡

ቀጠሮ የማይጠብቁ ሁኔታዎችም አሉ፡፡ በድንገት የዕይታ መጥፋት፣ ከማስመለስ ጋር የሚመጣ ብርቱ የዓይን ሕመም፣ የብርሃን ብልጭታ ከታየ በኋላ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ፣ በአውድማ ገለባ ወይም በብየዳ ፍንጣሪ የተወጋ ዓይን በዚያው ቀን መታየት አለባቸው፡፡ የተወጋው ዓይን አይታሽም፣ አይታጠብም፤ ሳይጫኑት ሸፍኖ መሄድ ይሻላል፡፡ ኖራ፣ አሲድ ወይም ሌላ ኬሚካል የገባበት ዓይን ግን ከጉዞው በፊት፣ እዚያው አደጋው በደረሰበት ቦታ፣ ቆቡ ተገልጦ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መታጠብ ይኖርበታል፡፡