ስለ ስታዲየም መቀመጫ

ስታዲየም ይስፋ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ደረጃ መጨመርን ብቻ ነው። ነገር ግን ታሪኩን ስንመረምር፥ የሰው ብዛትና የሰው ክብር አብረው ካልታሰቡ ማስፋት የተባለው ሥራ ጎዶሎ መሆኑን ተረዳን።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በአዲስ አበባ፥ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ተደረገ። ቡድናችን ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል በነበረችው በግብፅ ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባገቡት ጎል 4 ለ 2 አሸነፈ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዛሬ እንደሚፈለገው እያንዳንዱ ቁጥር ያለው ወንበር አልነበረውም፤ አብዛኛው በደረጃው ላይ ተጠጋግቶ ይመለከት ነበር እንጂ።

በዚያ ዘመን በሌላውም ዓለም ልማዱ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 በብራዚል ማራካና ስታዲየም የዓለም ዋንጫውን የመጨረሻ ጨዋታ ከ170,000 በላይ ሰው ተመለከተ። መጠጋጋት ግን ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1989 በእንግሊዝ አገር በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ 97 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ በታላላቆቹ የእንግሊዝ ስታዲየሞች ለእያንዳንዱ ተመልካች ወንበር እንዲደረግ ታዘዘ። ማራካናም ታድሶ ወንበር ሲሞላበት የሚይዘው ሰው ከ80,000 በታች ሆነ።

የዘመኑ ደንብ ወደ እኛም መጣ። የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ ባለማሟላታቸው፥ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቡድናችን ግብፅን በሜዳው ማስተናገድ ሲገባው ጨዋታው በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ተደረገ። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን። በ1954 ዓ.ም. የግብፅን ቡድን ስናሸንፍ ሕዝቡ በዙሪያው ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን ድሉ ተገኘ፥ ባለ ድሉ ሕዝብ ሩቅ ነበር። ለመቀመጫና ለመሳሰለው በጊዜው ያለማሰብ ዕዳ ይህ ነው።

አንዳንዶች ወንበር ሲበዛ ቦታ ይጠብባል፥ የመግቢያውም ዋጋ ይወደድና ድኻው ከበር ይመለሳል ይላሉ። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ ከ60,000 በላይ ሰው እንዲይዝ እንደ ታቀደው እንደ አደይ አበባ ያለ ስታዲየም ሲሠራ፥ ከወንበሩ ጋር ሰፊ መውጫና ለሠራተኛውም ለተማሪውም የሚቻል ዋጋ ሊታሰብ ይገባል።

በወንጌል እንደምናነበው፥ ጌታችን አምስት ሺሁን ሕዝብ ከመመገቡ በፊት በመስኩ ላይ በመቶና በአምሳ ተራ እንዲቀመጡ አደረገ። ሕዝቡ ብዙ ነበረ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስፍራ አገኘ።

እኛ የቆቦ ልጆች የጎደለን መሬት አይደለም፤ የራያ ሜዳ ሰፊ ነው። ኳስ ስንመለከት ግን መስመሩን ከበን እንቆማለን፤ ሕፃናት ከፊት ይገፋሉ፥ ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው ማየት ይሳናቸዋል። ስታዲየም እስኪሠራልን መጠበቅ አያሻንም። ከመስመሩ ራቅ ብለን ድንጋይ ብንደረድር፥ ለአባቶችና ለእናቶችም የፊተኛውን ስፍራ ብንለቅ፥ የማስፋት ሥራ ከዚያ ይጀምራል።