የመኪና ኤሲ ጥገና

የመኪና ኤሲ ጥገና በመኪና ውስጥ ያለውን አየር የሚያቀዘቅዘውን መሣሪያ ብልሽት መርምሮ የማስተካከል ሥራ ነው። ይህ መጣጥፍ የሚያተኩረው በአሮጌ ትንንሽ የቤት መኪኖች ላይ፣ በተለይም እንደ ሎጊያ ባሉ ሞቃታማ የአፋር ከተሞች በሚያገለግሉት ላይ ነው። ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል ብዙ ጊዜ «ጋዙ አልቋል» ይባላል። ይሁን እንጂ የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ በተዘጋ መስመር ውስጥ ይዞራል እንጂ። በጎማ ቱቦዎች በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ሊሰርግ ይችላል። በአጭር ጊዜ ከጎደለ ግን የሚያስወጣ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይደፈን የተሞላ ጋዝም ተመልሶ ይወጣል።

አሠራር

የኤሲ መስመር አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ኮምፕረሰር በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ ጋዙን ይጨምቃል። የተጨመቀው ትኩስ ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው ኮንደንሰር ገብቶ ሙቀቱን ለውጭ አየር ይለቅና ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ፈሳሹ በኤክስፓንሽን ቫልቭ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል። ከዚያም ከክሩስኮት በስተጀርባ በሚገኘው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየተነነ የተሳፋሪውን ክፍል ሙቀት ይወስዳል። በኮንደንሰሩና በቫልቩ መካከል ያለው ድራየር የተባለ ዕቃ ደግሞ እርጥበትና ቆሻሻ ያስቀራል።

በሎጊያና በአካባቢው

ሎጊያ ከአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ከሰመራ አጠገብ፣ አዲስ አበባን ከጅቡቲ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ ወደ 400 ሜትር ነው። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። በእንዲህ ያለ ሙቀት ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ወደ ዱብቲ ሆስፒታል የሚወሰድ ሕመምተኛ ለተሳፈረበት መኪና ኤሲ የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የኤሲ አስፈላጊነት አነስተኛ ስለሆነ መሣሪያው ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ሊቆይ ይችላል። ኮምፕረሰሩ ካልዞረ ዘይቱ ስለማይዘዋወር የዘንጉ ጎሚኒ ይደርቃል፣ ጋዙም በዚያ በኩል ይወጣል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ አሮጌ መኪና ኤሲው እንደማይሠራ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ነው። በደጋው ወቅትም ቢሆን በወር አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል ማስነሳት ይህን ጉዳት ይቀንሳል።

የብልሽት ምልክቶች

ጋዝ ከመሙላቱ በፊት መካኒኩ የሚከተሉትን ይመለከታል።

መኪናው ሲሄድ እየቀዘቀዘ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው የኮንደንሰሩ ቬንትሌተር ወይም በአቧራ የተደፈነ ኮንደንሰር ነው። ኮንደንሰሩ ክንፎቹን በማያጣምም ቀላል የውሃ ግፊት ይታጠባል።

ጠዋት ሠርቶ በቀትር የሚያቆም ከሆነ የኮምፕረሰሩ ማግኔታዊ ክላች ሊሆን ይችላል። የክላቹ ሳህን ባገለገለ ቁጥር ክፍተቱ ይሰፋል፤ የመዳብ ጥቅሉ ሲግልም የማግኔቱ ኃይል ይቀንስና ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። በብዙ ኮምፕረሰሮች ተገቢው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊሜትር ነው። በመካከሉ ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዱን በማውጣት ክፍተቱን ማጥበብ ስለሚቻል፣ ሙሉ ኮምፕረሰር መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

ኮምፕረሰሩ ጭራሽ ካልተነሳ ፊውዙ፣ ሪሌውና የግፊት ስዊቹ ይፈተሻሉ። ጋዙ በጣም ሲጎድል ስዊቹ ራሱ ኮምፕረሰሩን ያቆማል፤ ይህም ዘይት አጥቶ እንዳይነክስ የሚጠብቀው ነው።

ኢቫፖሬተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የሚነፍሰው አየር ለብ ያለ ከሆነ፣ የማሞቂያው ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ከሞተሩ የሚመጣ ትኩስ ውሃ እያሳለፈ ይሆናል። ይህ በአሮጌ መኪኖች ላይ በቀላሉ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው።

የግፊት ምርመራ

ከምልክቶቹ ቀጥሎ የዝቅተኛውና የከፍተኛው መስመር ግፊት በሁለት ጌጅ ይለካል። አር-134ኤ በሚባለው ጋዝ የሚሠራ መኪና ሞተሩ ጠፍቶና ከአካባቢው ሙቀት ጋር እኩል ሆኖ ሲለካ፣ በ20 ዲግሪ 5 ባር፣ በ40 ዲግሪ ደግሞ 9 ባር ያህል ያሳያል። ይህ ቁጥር በመስመሩ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩን ብቻ ይናገራል እንጂ መጠኑን አይገልጽም። በአዲስ አበባ የለመደ ሰው በሎጊያ 9 ባር አይቶ «ጋዝ በዝቷል» ቢል ይሳሳታል።

ሞተሩ እየሠራ ሁለቱም ጌጆች ዝቅ ካሉ ብዙ ጊዜ ጋዝ ጎድሏል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዙ በዝቷል፣ አየር ገብቷል ወይም ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መልቀቅ አቅቶታል። ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ካለ ኮምፕረሰሩ ደክሟል። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች ከወረደ ቫልቩ ወይም ድራየሩ ተደፍኗል።

የጥገና ቅደም ተከተል

1. የቀረው ጋዝ በመሳቢያ ማሽን ወደ ሲሊንደር ይሰበሰባል።
2. ቀዳዳው ይፈለጋል። ጋዝ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፣ በመጋጠሚያዎች ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ከታየ ጥሩ ፍንጭ ነው። መስመሩ በናይትሮጅን ተሞልቶ በሳሙና አረፋ ይፈተሻል። ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ስለሚችል ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይውልም።
3. ያረጁ ኦሪንጎችና ድራየሩ ይቀየራሉ። መስመሩ ለአየር ተጋልጦ የቆየ ከሆነ ድራየሩ እርጥበት ጠግቧል።
4. መስመሩ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይሳባል። በዚህ ረገድ የሎጊያ ሙቀት ይረዳል፤ በ40 ዲግሪ ያለ እርጥበት በ20 ዲግሪ ካለው ይልቅ በቀላሉ ይተንናል። የጌጁ ንባብም እንደ ከፍታው ይለያያል። ፍጹም የሆነ ቫኪዩም በአዲስ አበባ 22.5 ኢንች ሜርኩሪ አካባቢ፣ በሎጊያ ደግሞ 28.5 አካባቢ ይነበባል።
5. ፓምፑ ቆሞ ጌጁ ሳይመለስ ከቆየ፣ ጋዝ በሚዛን ተመዝኖ ይሞላል። በትንንሽ መኪኖች መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 700 ግራም ሲሆን፣ ትክክለኛው ቁጥር ከኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይገኛል።

ከጥገናው በኋላ በመካከለኛው መተንፈሻ ላይ ቴርሞሜትር ይደረጋል። በ40 ዲግሪ ሙቀት ከውጭው አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ ያለ አየር ከሰጠ ለአሮጌ መኪና ጥሩ ውጤት ነው።

የጋዝ ዓይነቶች

እንደ አሮጌዎቹ ቶዮታ ኮሮላዎች ያሉ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ መኪኖች ሲሠሩ የሚጠቀሙት አር-12 የተባለውን ጋዝ ነበር። ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ፣ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ምርቱ እንዲቆም ተደረገ። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ አዳዲስ መኪኖች ወደ አር-134ኤ ተሸጋገሩ፤ እንደ ቪትዝ ያሉት በኋላ የመጡት መኪኖችም በዚሁ ይሠራሉ።

የአር-12 መስመር ወደ አር-134ኤ ሲለወጥ ጋዙን ብቻ መቀየር አይበቃም። የቀድሞው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር ስለማይዋሃድ ወጥቶ በኤስተር ዘይት ይተካል፤ ኦሪንጎቹና ድራየሩም ይቀየራሉ። አዲሱ ጋዝ የሚሞላው ከቀድሞው ክብደት ከ85 እስከ 90 በመቶ ብቻ ነው።

ጥንቃቄዎች

አር-134ኤ በተራ የአየር ግፊት በ26 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስለሚፈላ፣ ፈሳሹ ቆዳና ዓይንን ያቆስላል፤ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል። ሲሊንደሩ ከ52 ዲግሪ በላይ መሞቅ ስለሌለበት በፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተውም። የማብሰያ ጋዝን በኤሲ መስመር መሙላት አደገኛ ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ቢያፈስ ተቀጣጣዩ ጋዝ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪዎች ይገባል። ጋዙን ወደ አየር መልቀቅም ጎጂ ነው። አንድ ኪሎ አር-134ኤ በመቶ ዓመት ስሌት ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚመጣጠን የሙቀት ተጽዕኖ አለው።

የጥገናው አስፈላጊነት

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በዚህም ምክንያት በአገሪቱ ያሉትን አሮጌ መኪኖች እየጠገኑ የመጠቀም አስፈላጊነት ጨምሯል። ቀዳዳውን ፈልጎ መድፈን በመጀመሪያው ቀን ከመሙላት የበለጠ ጊዜና ገንዘብ ይወስዳል፤ ነገር ግን በየጥቂት ወሩ ለሚፈስ ጋዝ ከመክፈልና በመጨረሻም ዘይት ያጣ ኮምፕረሰር ከመቀየር ያድናል።