በእውነት የሚያስፈራው መጽሐፍ የትኛው ነው?

ሌሊት ብቻውን ቁጭ ብሎ ሲያነበው ፀጉሩን የሚያቆምለትን መጽሐፍ የሚፈልግ አንባቢ በየዘመኑ አይጠፋም። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፣ በልጅነታችን ምድጃ ዳር ስለ ቡዳና ስለ ጅብ የሰማነው ተረት አልበቃን ብሎ፣ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራውን ስንመርጥ እናመሽ ነበር። ነገር ግን ካነበብናቸው አብዛኞቹ፣ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደረስ፣ መንፈስ የተባለው ነፋስ፣ ጣዕረ ሞት የተባለውም መጋረጃ ሆኖ ይገኛል፤ እኛም እንደ ተታለልን ቆጥረን መጽሐፉን እንመልሰው ነበር። ይህ ቅሬታችን ስሕተት እንደ ነበረ የተረዳነው የሰባት መጻሕፍትን ታሪክ ስንመረምር ነው።

የሰባቱ መጻሕፍት ዝርዝር የሚገኘው ጄን ኦስተን በጻፈችው «ኖርዛንገር አቢ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ነው። ካትሪን ሞርላንድ የምትባል የ17 ዓመት ልጃገረድ አስፈሪ ታሪክ ማንበብ ትወዳለች፤ ወዳጅዋ ኢዛቤላም የሰባት መጻሕፍትን ስም ጽፋ ትነግራታለች። ካትሪንም ሁሉም በእርግጥ የሚያስፈሩ መሆናቸውን ሳታረጋግጥ አትለቃትም። ኦስተን ይህን መጽሐፍ በ1803 (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለአንድ የለንደን አሳታሚ በ10 ፓውንድ ሸጠችው፤ አሳታሚው ግን ሳያትመው ስላስቀመጠው በ1816 በዚያው ዋጋ ተመልሶ ተገዛ። የታተመውም እርስዋ ከሞተች በኋላ በ1817 መጨረሻ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሰባቱን መጻሕፍት ያየ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ ብዙዎች ኦስተን ለቀልድ የፈጠረቻቸው ስሞች መሰሏቸው። ማይክል ሳድለር የተባለ የእንግሊዝ አሳታሚና መጻሕፍት ሰብሳቢ ግን በ1927 ባወጣው ጽሑፍ ሰባቱም በእርግጥ የታተሙ መጻሕፍት መሆናቸውን አስረዳ። ስማቸውን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «የቮልፈንባኽ ግንብ»፣ «ክሌርሞንት»፣ «ምስጢራዊ ማስጠንቀቂያዎች»፣ «የጥቁሩ ደን መናፍስት ጠሪ»፣ «የእኩለ ሌሊት ደወል»፣ «የራይን እጓለ ማውታ»ና «አስፈሪ ምስጢራት» ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከ1793 እስከ 1798 ባሉት ዓመታት የታተሙ ናቸው።

እንዴትስ ሊጠፉ ቻሉ? ከሰባቱ ስድስቱን ያሳተመው ዊልያም ሌን ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ሚነርቫ ይባላል። ሌን መጻሕፍትን ከማተሙም በላይ በኪራይ የሚያስነብብ ቤተ መጻሕፍት ነበረው። አንባቢው መጽሐፉን ገዝቶ በቤቱ አያስቀምጠውም፤ ተከራይቶ አንብቦ ይመልሳል፤ ሌላው ይወስደዋል፤ እንዲህ እየተዘዋወረ ገጹ ተበጣጥሶ ያልቃል። ሊቃውንትም ንቀውት ስለ ነበር በየመጻሕፍት ቤታቸው አላኖሩትም። ስለዚህ መጽሐፎቹን ያጠፋቸው የአንባቢ ማነስ ሳይሆን የአንባቢ ብዛት ነው ለማለት እንደፍራለን። ሳድለር የሰበሰባቸው በ1942 ለአሜሪካው የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ተሰጡ፤ ሰባቱም በ1968 በለንደን እንደገና በአንድነት ታተሙ።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንመለስ። «የቮልፈንባኽ ግንብ»ን የጻፈችው ኤሊዛ ፓርሰንስ ብዙ ልጆች ያሏት ባልዋ የሞተባት ሴት ነበረች፤ የምትጽፈውም ለእንጀራ ነው። በታሪኩ ውስጥ ማቲልዳ የተባለች ልጅ፣ አጎትዋ ነው የተባለው ሰው በክፉ ዓይን ስለ ተመለከታት በሌሊት ሸሽታ መናፍስት አሉበት ወደሚባል ግንብ ትደርሳለች። ከላይኛው ፎቅ የሰንሰለት ድምፅና የሰው ጩኸት ይሰማል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን መንፈስ አይደለም። በዚያ የተዘጋባት የግንቡ እመቤት ናት፤ ባልዋ አስቀድማ ትወደው የነበረውን ሰው በፊትዋ ገድሎ፣ ከሬሳው ጋራ ቆልፎባት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መንፈሱ በእርግጥ መንፈስ ቢሆን ኖሮ አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ፣ ጸሎቱን አድርሶ በሰላም ይተኛ ነበር። መንፈሱ ሲወገድ ግን ባል ይቀራል፤ ባል ደግሞ በተረት ብቻ የሚገኝ ፍጡር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1840 እንኳ አንድ ዳኛ ባል ሚስቱን በቤቱ ይዞ ለማስቀመጥ መብት አለው ብሎ ፈርዶ ነበር። ይህ መብት የለውም ተብሎ በይግባኝ ፍርድ ቤት የተወሰነው በ1891፣ አንድ ሰው ሚስቱን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ በግድ ወስዶ ስለ ዘጋባት በተነሣ ክርክር ነው፤ ይኸውም የፓርሰንስ መጽሐፍ ከታተመ ከ98 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መጽሐፉን ተከራይተው ያነቡ የነበሩት ሴቶች የሚፈሩት ምን እንደ ነበረ ከዚህ መገመት አያስቸግርም። የድርሰቱ አጻጻፍ የተቻኮለ፣ ልቅሶና ራስ መሳትም የበዛበት መሆኑን አንክድም።

«የጥቁሩ ደን መናፍስት ጠሪ» ከጀርመንኛ የተተረጎመ ነው። አብዛኛው ክፍል የአታላዮች ሥራ ስለ ሆነ ቶሎ ይሰለቻል። ከመጨረሻው አጠገብ ግን የጽሑፉ መንገድ በድንገት ይለወጥና አንድ ወንበዴ የገዛ ሕይወቱን ይናገራል። ይህ ክፍል ፍሪድሪክ ሺለር በ1786 ካሳተመው ታሪክ ላይ ሳይነገር የተወሰደ ነው፤ የሺለርም ታሪክ መነሻ በ1760 በቩርተምበርግ በሞት የተቀጣው ፍሪድሪክ ሽቫን የተባለ እውነተኛ ሰው ነው። በሺለር ታሪክ ሰውየው በመጀመሪያ የሚያጠፋው በተከለከለ ደን ማደን ብቻ ነው፤ ለሚወዳት ልጅ ስጦታ የሚገዛበት ገንዘብ ስላጣ ነው። ታስሮ በወጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ይሸሸዋል፤ ሥራ የሚሰጠው ያጣል፤ በመጨረሻም ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ከሰባቱ መጻሕፍት ሁሉ እኛን እንቅልፍ የነሣን ይህ የተሰረቀው ክፍል ነው፤ አንድም መንፈስ የለበትም።

እውነተኛ ዲያብሎስ ያለበትን የሚፈልግ ጓደኛችን ማቲው ሉዊስ በ1796፣ በ20 ዓመቱ፣ ያሳተመውን «መነኩሴው» የተባለውን ያንብብ። ነቀፌታው ስለ በዛበት ደራሲው ራሱ በ1798 ከመጽሐፉ ብዙ ነገር ቀንሶ አሳትሞታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን እትም የተከተለውን መምረጥ ያስፈልጋል። በኦስተን መጽሐፍ ይህን ድርሰት የሚያመሰግነው ባለጌው የኢዛቤላ ወንድም ነው፤ የሴቶቹ ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ካትሪንም ወደ መጨረሻው በእንግድነት በሄደችበት ቤት ጌታ፣ በጄኔራል ቲልኒ፣ ላይ ሚስቱን ገድሏል ወይም ዘግቶባታል ብላ ትጠረጥራለች። በምስጢር ሣጥን ውስጥ ያገኘችው ወረቀት የልብስ አጣቢ ሒሳብ ሆኖ ቀርቶባት ነበር፤ በዚህም ጥርጣሬዋ እጅግ ታፍራለች። ጄኔራሉ ግን ልጅቱ እንደ ተወራው ሀብታም አለመሆንዋን በሰማ ጊዜ፣ አብሯት የሚሄድ አንድ አሽከር እንኳ ሳይሰጣት፣ በማለዳ ከቤቱ አስወጣት፤ ቤትዋ ለመድረስም ብቻዋን የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ መጓዝ ነበረባት።