ኤክስ፣ ቲቲዋይ፣ ሎግ

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ዝማኔ ከተቀበለ በኋላ የመግቢያው ገጽ ሳይመጣ ጥቁር ስክሪን ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የለመዱት ሰዎች ያን ጊዜ «ኤክስ አልተነሳም፤ ቲቲዋይ ግባና ሎጉን እይ» ይላሉ። ሦስቱም ቃላት ሊኑክስን በዕድሜ ይበልጡታል።

ኤክስ ምስጢር የለውም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቪ የተባለ ስርዓተ ክወና ነበር፤ ፖል አሴንቴና ብራያን ሪድ ለእሱ የሠሩት የመስኮት ስርዓት (ስክሪኑ ላይ መስኮቶችን የሚያሳይ ፕሮግራም) ደብልዩ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1984 የኤምአይቲው ቦብ ሻይፍለር ከደብልዩ ብዙ ኮድ ወስዶ አዲስ የመስኮት ስርዓት ሲሠራ፣ በፊደል ተራ የሚቀጥለውን ስም ሰጠው። በ1987 የወጣው 11ኛው እትም ኤክስ 11 ይባላል፤ ቁጥሩ ዛሬም ፈቀቅ አላለም።

ቲቲዋይ ከ«ቴሌታይፕራይተር» የተቆነጠረ ነው፤ በሽቦ የመጣለትን መልእክት ወረቀት ላይ የሚመታ የጽሕፈት መኪና። «ቴሌ» በግሪክኛ «ሩቅ» ማለት ነው (ካርድ የምንሞላለት ቴሌም ከዚሁ ይወለዳል)። ዩኒክስ ሲፈጠር ባለሙያዎቹ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገሩት በዚህ መኪና ነበር። ወረቀቱ ቀረ፣ ስሙ ግን አልቀረም። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 3 አንድ ላይ ሲጫኑ ብቅ የሚለው ባለጽሑፍ ገጽ ለሊኑክስ ያው ቲቲዋይ ነው። ኤክስን ስለማይፈልግ፣ ኤክስ ሲወድቅ እሱ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ከሁሉም የምወደው ሎግን ነው። በእንግሊዝኛ መነሻ ትርጉሙ ግንድ፣ ጉማጅ እንጨት ነው። መርከበኞች በየርቀቱ የተቋጠረ ገመድ ያሰሩበትን እንጨት ባሕር ላይ ይጥሉና፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ቋጠሮ ከእጃቸው እንዳለፈ ይቆጥሩ ነበር። የመርከብ ፍጥነት እስከ ዛሬ በ«ኖት»፣ ማለትም በቋጠሮ፣ የሚለካው ለዚህ ነው። ቆጠራው የሚሰፍርበት መዝገብ የእንጨቱን ስም ወረሰ፤ ኋላም መርከቡ ያጋጠመው ሁሉ እዚያው ተጻፈ። የኤክስ ሎግም እንዲሁ ነው፦ የትኛው ድራይቨር እንደተጫነ፣ የትኛው እንደከሸፈ በተራ ይመዘግባል። ስህተት ያለበት መስመር በቅንፍ ውስጥ ባሉ ሁለት «ኢ» ይለያል። «ስክሪን አልተገኘም» የሚል መስመር ካያችሁ ሞኒተሩን አትውቀሱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ታድሶ የኒቪዲያ ድራይቨር ለአዲሱ ከርነል ሳይዘጋጅ መቅረቱ ነው።

ዛሬ በብዙ ሊኑክሶች የኤክስን ቦታ የያዘው ክርስቲያን ሆግስበርግ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ዌይላንድ ነው፤ ስሙ በማሳቹሴትስ ግዛት ያለች የአንዲት ከተማ ስም ነው። በዌይላንድ ላይ ከሆናችሁ የኤክስን ሎግ አትፈልጉ። ቲቲዋይ ግቡና ጆርናልሲቲኤል የሚባለውን ትእዛዝ ስጡ። «ጆርናል» በፈረንሳይኛ «ቀን» ከሚለው ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ የዕለት መዝገብ ማለት ነው። ሊኑክሱን አጥፍታችሁ እንደገና ከመጫናችሁ በፊት እሱን አንብቡ።